የቀንድ አውጣ ቤትና ዶክተር አክሊሉ ለማ

ቀንድ አውጣ ሲሞት ቤቱ አብሮት አይሞትም። ሥጋው ይበሰብሳል፣ ወይም ዓሣና ወፍ ይለቅመዋል፤ ዛጎሉ ግን ከኖራ ወገን በሆነ ማዕድን የተሠራ ስለሆነ ነጥቶ ወንዝ ዳር ይቀራል። በውርጌሳም ሆነ በመርሳ በኩል ወደ ውሃ ወርዶ የሚያውቅ ሰልጣኝ ሁሉ እንዲህ ያለውን ባዶ ዛጎል ሳይረግጥ ያለፈ አይመስለንም። ረግጦ ማለፍ ቀላል ነው። ቆም ብሎ ይህ ፍጡር ለምን እዚህ ቦታ ሞተ ብሎ መጠየቅ ግን ለጥቂት ሰዎች ብቻ የተሰጠ ነገር ነው። በዚህ ዕትም ታሪካቸውን የምናቀርበው ሰው ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ። የሕይወት ታሪክ ከልደት ይጀምራል እንደሚባል እናውቃለን፤ እኛ ግን ከዛጎሉ እንነሳለን፤ የሰውየው ዕድሜ ልክ ሥራ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በባሕር ዳርቻ ባዶ ዛጎል ባዶ ሆኖ ብዙ አይቆይም። ፈረንጆች ባሕታዊ ሸርጣን የሚሉት አንድ እንስሳ አለ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻም በብዛት ይገኛል። ፊቱና ክንዶቹ እንደማንኛውም ሸርጣን ጠንካራ ናቸው፤ ከወገቡ በታች ግን ለስላሳና ራቁቱን ነው፤ ጅራቱም ወደ አንድ ወገን የተጠማዘዘ ነው። ይህን ለስላሳ ሰውነቱን ይዞ ሜዳ ላይ ቢወጣ የአሞራና የዓሣ ቀለብ መሆኑ ነው። ስለዚህ የሞተ ቀንድ አውጣ ቤት ፈልጎ ይገባበታል። በጅራቱ ጫፍ ያሉት ትናንሽ መያዣዎች የዛጎሉን የውስጥ ምሰሶ ጨብጠው ስለሚይዙ ጎትቶ ማውጣት በጣም ያስቸግራል። ባሕታዊ መባሉ ብቻውን በዋሻ ተቀምጦ ስለሚታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ባሕታዊ ለቤት እንደሱ ሲጣላ አይታይም!

አመራረጡን ያየ ሰው ገበያ ላይ እንስራ የምትመርጥ እናት ትታወሰዋለች። ባዶ ዛጎል ሲያገኝ ወዲያው ዘሎ አይገባም። በክንዶቹ ይዳስሰዋል፣ ያገላብጠዋል፣ አሸዋ ካለበት ይጠርገዋል፤ ክንዱን በአፉ አስገብቶ ስፋቱንና ጥልቀቱን ይለካል። ስንጥቅና ቀዳዳ እንዳለበትም ይመረምራል። ከተስማማው ከአሮጌው ወጥቶ በቅጽበት ወደ አዲሱ ይገባል፤ ካልተመቸው ደግሞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ እድገቱ ይገታል፣ አደጋ ሲመጣም ሙሉ በሙሉ ሊሸሸግበት አይችልም። ከመጠን በላይ ሰፊና ከባድ ከሆነም ተሸክሞት ሲሄድ ጉልበቱ ያልቃል። ሲያድግ ቆዳውን ይጥላል፤ ቤትም መቀየር አለበት። አንዳንዴ አንድ ትልቅ ዛጎል ሲገኝ ብዙዎች ተሰብስበው ከትልቅ እስከ ትንሽ ይሰለፋሉ፤ ትልቁ አዲሱን ሲይዝ ሁለተኛው የእሱን፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን እያለ ቤት ሁሉ በአንዴ ባለቤት ይለውጣል። በሰላም ካልሆነም አንዱ የሌላውን ዛጎል በራሱ ዛጎል ደጋግሞ ይደበድባል፤ ተደብዳቢው ከሰለቸው ወይም ከደከመው ይወጣለታል። ብዙዎቹ ግን ቀንድ አውጣውን ራሱን አይገድሉም፤ ሞቶ ሲገኝ ይወርሱታል እንጂ። የሞተ ቀንድ አውጣ ሽታ ከሩቅ እንደሚስባቸውም ተመርምሮ ታውቋል። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ዛጎል ባነሰበት ዳርቻ የፕላስቲክ ክዳን ተሸክመው የሚሄዱ ታይተዋል።

ታዲያ ይህ ሸርጣን በኛ ወንዝ የለም። ወገኑ፣ ከጥቂት በስተቀር፣ ጨዋማ ውሃና ጨዋማ ዳርቻ የለመደ ነው። በወንዞቻችን የቀንድ አውጣን ቤት የሚመኝ ሌላ ፍጡር አለ። ይኸኛው ባለቤቱ እስኪሞት አይጠብቅም፤ በሕይወቱ ሳለ ይገባበታል። ቢልሃርዝያ የምንለው በሽታ የሚመጣው ከሱ ነው።

አካሄዱን ለአዲስ ሰልጣኞች ባጭሩ እናስታውስ። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ሚራሲዲየም የሚባል በዓይን የማይታይ ዋናተኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። በአገራችን ለአንጀት ቢልሃርዝያ ዋናው ተስማሚ ባዮምፋላሪያ የሚባለው ጠፍጣፋ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ያለ ዛጎል የተሸከመው ትንሽ ቀንድ አውጣ ነው። ተባዩ እዚያ ውስጥ ለሳምንታት ይራባል፤ በአንድ ሚራሲዲየም የገባው ሰርካሪያ የተባሉ ሺዎች ሆኖ ይወጣል። እነዚህም ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። ትሎቹ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ፤ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ሲቆይም የጉበትና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላሉ። ተጠቂዎቹ እነማን ናቸው? ከብት የሚያጠጣ እረኛ፣ ልብስ የምታጥብ ሴት፣ መስኖ የሚጠልፍ ገበሬ፣ ከሁሉም በላይ የሚዋኝ ልጅ። የአንጀት ቢልሃርዝያ በኢትዮጵያ ባብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 እስከ 2200 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ሲሆን ከሐይቅ ወደ ውርጌሳና መርሳ የሚወስደው መንገድም በዚሁ መሀል ነው። በሐይቅ ከተማ በሽታው መኖሩ በ2015 በጥናት ታትሟል። ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም ማለታችን ነው።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1935 በሐረርጌ ነው። ጣሊያን አገራችንን የወረረበት ዓመት መሆኑ ነው። በልጅነታቸው ወረራው አልፎ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ከተማሩት ትውልድ ናቸው። ከዚያም እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጎበዝ ተማሪዎች ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1964 በባልቲሞር ከተማ ከሚገኘው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩና የቢልሃርዝያን ስርጭት ለማጥናት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዓድዋ ወረዱ።

በዓድዋ ወንዝ ዳር ያዩት ነገር ዛሬ በብዙ አገር መጻሕፍት ተጽፏል። ሴቶች ተሰብስበው ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እንዶድ ነው፤ ፍሬውን አድርቀው ወቅጠው በውሃ ሲያሹት አረፋ ያወጣል። ወጣቱ ተመራማሪ ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ይታያል፤ ከዚያ ከፍ ሲሉ ወይም ራቅ ሲሉ ግን እንደዚያ አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሞተ ቀንድ አውጣ አይቶ ማለፍ የሚቻልበት ምክንያት ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ረግጠውት ይሆናል፤ ውሃው ሞቆ ይሆናል፤ ጎርፍ አምጥቶ ጥሎት ይሆናል፤ በሽታ ገብቶበት ይሆናል። እሳቸው ግን ግምቱን እዚያው ወንዝ ዳር ፈተኑት። ከሌላ ቦታ ሕይወት ያለው ቀንድ አውጣ ለቅመው በዕቃ ውስጥ አደረጉ፤ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶድ አረፋዋ ጥቂት እንድትጨምርበት ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ። ላቦራቶሪ የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ፤ ዕቃ፣ ውሃና የአንዲት ሴት መልካም ፈቃድ ብቻ ነበር። ፈተናው ያላለቀለት መሆኑን ያውቁ ነበርና ጉዳዩን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በላቦራቶሪም ደጋግመው መረመሩት። ያቺ ሴት ማን ነበረች? ታሪኩ ሲነገር ስሟ አይጠራም። የሊቁን ስም በደስታ እየጻፍን የእሷን ቦታ ባዶ መተዋችን ቅር ያሰኘናል።

እንዶድን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም፤ ቢሆንም የዛሬ ልጆች ዱቄት ሳሙና ለምደዋልና እንግለጸው። አጥርና ዛፍ ተደግፎ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። በደጋና በወይና ደጋ ይበቅላል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ነበር፤ በባህል ሕክምናም ይታወቃል፤ ያለ ልክ ሲወሰድ ሰውን እንደሚጎዳም እንዲሁ ይታወቃል። ኃይሉ ሳፖኒን ከተባለ አረፋ አውጪ ንጥረ ነገር ነው። ባዮምፋላሪያ ዛጎሉ ላይ መዝጊያ ክዳን የለውም፤ ወደ ውስጥ ቢሸሽም ውሃው ተከትሎት ይገባል። በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም የሚሆን የደረቀ ፍሬ ዱቄት በአንድ ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። እንዶዱ ራሱ በውሃ ውስጥ ቶሎ ፈርሶ ይጠፋል። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ውሃውን ለረዥም ጊዜ አለመመረዙ ነው፤ መጥፎነቱ ደግሞ የቀንድ አውጣው እንቁላል ስለሚተርፍ ሥራው መደጋገም አለበት። ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ ሰልጣኞች ይህን አንብበው እንዶድ ወቅጠው ወንዝ ላይ ለመድፋት እንዳይሮጡ አደራ እንላለን።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው መሪም ሆኑ። ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ሥራውን ወደተነሳበት ወደ ዓድዋ መልሰው ትልቅ ሙከራ አካሄዱ። 17,000 ያህል ሕዝብ በነበረበት ከተማ ወንዞቹ በየጊዜው በአካባቢው በተሰበሰበ እንዶድ ታከሙ። በአምስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ሕዝብ የነበረው የበሽታው መጠን ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። በትንንሾቹ፣ ስድስት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት፣ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከሁለቱ ቁጥር የሚበልጠው ሁለተኛው ነው እንላለን። አዋቂው ትሉን ከድሮ ጀምሮ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ቀንድ አውጣ ስለተገደለ ከሰውነቱ አይወጣለትም። ሕፃኑ ግን አዲስ ነው፤ እሱ ካልተያዘ ወንዙ በእርግጥ ጸድቷል ማለት ነው። ሒሳብ የምታስተምሩ ይህን የመቶኛ ምሳሌ ብትወስዱት ከመጽሐፉ የብርቱካንና የእንቁላል ጥያቄ የተሻለ ይመስለናል።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው ሲያወጡ በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ብለው ጠሩት። ይህ ከሆነ በኋላ ዓለም ሁሉ እንዶድን ተቀብሎ ይሠራበታል ብሎ የሚገምት ሰው አይፈረድበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያን ዘመን ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ ይሸጥ የነበረው የጀርመኑ የባየር ኩባንያ መድኃኒት ባይሉሳይድ ነበር፤ ዋጋውም እንደኛ ላለ አገር የሚቀመስ አልነበረም። እንዶድ በየአጥሩ የሚገኝ ነው፤ ሆኖም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለሰውና ለእንስሳ የማይጎዳ መሆኑ በተወሰነ ደረጃ ባላቸው ላቦራቶሪዎች ካልተረጋገጠ አንደግፍም አሉ። ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ ጥንቃቄውን አንነቅፍም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ በአፍሪካ አልነበረም፤ ውጭ አገር ለማስመርመር የሚያስፈልገውን ገንዘብ ደግሞ የሚሰጡት እነዚያው ድርጅቶች ናቸው። በር ዘግቶ ለምን አልገባህም እንደማለት ነው። ዓመታት ነጎዱ። ዶክተር አክሊሉ በኋላ ደጋግመው እንዳስረዱት የችግሩ ሥር የመርዝ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከአፍሪካ ጥሩ ሳይንስ ይወጣል ብሎ ማመን ለአንዳንድ ባለሥልጣኖች መክበዱ ነበር።

ተስፋ አልቆረጡም ብለን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብናልፈው ሥራውን ማሳነስ ይሆናል። እሳቸው በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሥራ ተዛወሩ፤ ነገር ግን ጉዳዩን አልጣሉትም። አገር ቤት የቀሩት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የእንዶድን ዝርያዎች ከየአካባቢው ሰብስበው ማወዳደሩን ያዙ። ከመቶዎች መካከል ጥሩ ፍሬ የሚሰጠውን፣ ኃይሉ የበረታውንና ተባይ የሚቋቋመውን መረጡ፤ ዓይነት 44 የሚባለው ዝነኛ ሆነ። ሸርጣኑ ዛጎል እያገላበጠ እንደሚመርጠው ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልዩነቱ እዚህ አንዱ ምርጫ ብዙ ዓመት መፍጀቱ ነው። በ1983 በሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ በምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች ተካሄዱ። የተፈለገው የመርዛማነት ምርመራም በካናዳ ድጋፍ በመጨረሻ ተሠራ፤ ዓይንን የሚያቃጥልና ለዓሣ አደገኛ ቢሆንም በአግባቡ ከተያዘ ለሰውና ለከብት የሚያሰጋ እንዳልሆነ ታየ። ዓድዋ ወንዝ ዳር ከተደረገው የመጀመሪያ ፈተና እስከዚህ ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስዊድን በጋራ ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር አስደናቂም አነጋጋሪም ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ የመጣ ዜብራ የሚሉት ትንሽ ባለሁለት ክዳን ዛጎል የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረ። እርስ በርሱ እየተጣበቀ የከተማና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ ቧንቧዎችን ደፈነ። ዶክተር አክሊሉ በ1990 የክብር ዲግሪ ለመቀበል ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ይህን ሰሙ፤ የዓድዋን ቀንድ አውጣ የገደለ ይህንስ አይገድልም ወይ ብለው አሰቡ። ተሞከረ፤ ገደለ። ከፈልሳፊዎቹ አንዱ እሳቸው ሆነው ተመዘገቡ፤ የፓተንት መብቱ ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከትውልድ ትውልድ እንዶድ የወቀጡት የኢትዮጵያ ሴቶች በዚያ ሰነድ ላይ ድርሻ አልነበራቸውም። ጉዳዩ የድሆች አገሮችን ዕውቀት ስለመውሰድ በሚደረገው ክርክር ዛሬም በምሳሌነት ይነሳል። ባዶ ቤት መውረስና ባለቤት ያለበትን ቤት መውረስ አንድ አይደለም፤ ከላይ ስለ ሸርጣኑና ስለ ተባዩ የጻፍነውን የሚያነብ ልዩነቱን ያየዋል።

ዶክተር አክሊሉ ከተባበሩት መንግሥታት ሥራቸው መካከል በፍሎረንስ፣ ጣሊያን፣ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል። ያረፉት በ1997 ነው። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል።

ቢልሃርዝያስ ምን ሆነ? አልጠፋም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፕራዚኳንቴል የሚባል በአንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት በመገኘቱ ዘመቻው ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞሯል። በአገራችንም ከ2015 ወዲህ በትምህርት ቤቶች በኩል ለተማሪዎች በብሔራዊ ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ በማግስቱ እዚያው ውሃ ውስጥ ከገባ ግን እንደገና ይያዛል። ክኒን አዳዩ ከጤና ጣቢያ ይመጣል፤ ልጁ ወዴት እንደሚዋኝ የሚያውቀው ግን አስተማሪው ነው። እኛ ተመርቀን የምንመደበው ደግሞ ባብዛኛው ወንዝ ባለበት ገጠር ነው።

የሳይንስ መምህራኖቻችን የመስክ ጉዞ ሲያዘጋጁ ዛጎል የማሰባሰብ ሐሳብ ስላለ አንድ ነገር እንጨምር። ነጭና ባዶ ሆኖ ደረቅ ዳር ላይ የተገኘውን መልቀም ይቻላል፤ ከቀንድ አውጣውም ከተባዩም ነፃ ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን ሕያው ቀንድ አውጣ ግን በባዶ እጅና በባዶ እግር ገብቶ መልቀም ክልክል ነው፤ ቦት ጫማ፣ ጓንትና ረዥም እጀታ ያለው ወንፊት ያስፈልጋል። በተለይ ፀሐይ በበረታበት እኩለ ቀን ሰርካሪያው በብዛት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ስንት ዛጎል፣ ከየትኛው ቦታ፣ ከማጠቢያው በላይ ወይስ በታች የሚለው በደብተር ይመዝገብ።